ሲስተም የለም አትበሉን፤ አምስት አለ

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ፣ ወይ በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ የሚጨርስለት ዘመድ አለው፣ ወይ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ባንክ ስንሄድ ሲስተም የለም። ክሊኒክ ካርድ ልናወጣ ስንሄድ ሲስተም የለም። አንድ ደረሰኝ ላይ የተሳሳተች ፊደል ለማስተካከል ስንሄድ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን በአገጯ እየጠቆመች «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለሱ» ትለናለች። እኛም እንደ ዝናብና እንደ መብራት መጥፋት ከላይ የመጣ ነገር አድርገን ተቀብለን እንመለሳለን።

እኔ ዛሬ ተቃራኒውን ልሟገት ነው የመጣሁት። ሲስተም አለ። ኧረ እንዲያውም በዝቷል! የጠፋው በሲስተሞቹ መካከል ያለው መተዋወቅ ነው። (የአይቲ ልጆች «ኢንተግሬሽን» የሚሉት ነገር። እኔ ቢሮ ውስጥ ሰው እንደሚለው «ማናበብ» እለዋለሁ።)

እስቲ አንድ መካከለኛ የግል ድርጅት አስቡ። ሂሳብ ክፍሉ ፒችትሪ ላይ ነው። (ፒችትሪ ስሙን ቀይሮ ሴጅ ከተባለ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እዚህ ግን ሰው ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው።) ሱቁ የሚሸጠው በካሽ ሬጅስተር ማሽን ነው። መጋዘኑ የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እያለ የሠራትን ትንሽ ፕሮግራም ይጠቀማል፤ ልጁ አሁን ካናዳ ነው፣ ፓስወርዱንም ይዞት ሄዷል። የሰው ኃይል ክፍሉ የጣት አሻራ ማሽን አለው፤ ደመወዝ ግን የሚሠራው በኤክሴል ነው። ግዢ ክፍሉ ደግሞ የኤልሲውን፣ የመርከቡን፣ የጉምሩኩን ነገር የሚያውቅ ሌላ ኤክሴል አለው፤ እሱም ያለው አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ይኸው አምስት። የቴሌግራም ግሩፑን ሳንቆጥር ነው እንግዲህ፤ እውነተኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ቢሆንም።

አምስቱ አይተዋወቁም። ታዲያ ድርጅቱ እንዴት ይሠራል? በሰው ነዋ! በመካከላቸው ፍላሽ ይዛ የምትሮጥ ልጅ አለች። ጠዋት ከሱቅ የትናንቱን ሽያጭ ታመጣለች፣ ኤክሴል ላይ ታስተካክላለች፣ ፒችትሪ ላይ በእጇ ታስገባለች። ከሰዓት የመጋዘኑን ወረቀት ይዛ ታመሳክራለች። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ትቆያለች፤ ታክሲ ሲጠፋ በራሷ ገንዘብ ራይድ ትጠራለች። ዲግሪ አላት፤ ብዙ ጊዜም በጥሩ ውጤት። የሥራ መደቧ «ጁኒየር አካውንታንት» ወይም «ዳታ ኢንኮደር» ይባላል። ትክክለኛው ሥራዋ ግን ገመድ መሆን ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር የምታገናኝ ገመድ። ይህን ከምታነቡት መካከል ስንቶቻችሁ ገመድ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ጓደኞቼ ናችሁና።

የኔ ክርክር ቀላል ነው። አንድ ድርጅት ሲስተሞቼን ላናብብ ብሎ ሲነሳ፣ ከሶፍትዌር ሻጩ በፊት ማነጋገር ያለበት ይህችን ልጅ ነው። ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለን እንድንጠይቅ ነው። የድርጅቶቻችን እቅድ ከእነዚህ መካከል «መቼ»ን ነው አስቀድሞ የሚመልሰው። «ማን» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚፈለገው ጥፋተኛ ነው።

ጋዜጠኛዋን ስለ ሲስተም ምን አገባት ለምትሉ፦ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ዘንድ ነው። ስሙን አልጠራም። ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነበር። የሥራ መደቤ «ኮሙኒኬሽን ኦፊሰር» ይባል ነበር፤ ወርኃዊ ሪፖርት ማዘጋጀትም የኔ ሥራ ነበር። «የሐምሌ ሽያጭ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሽያጭ ክፍል አንድ ቁጥር ሰጠኝ፣ ሂሳብ ክፍል ሌላ ሰጠኝ፣ መጋዘን ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱም በማኅተም።

ነገሩ ሲመረመር ማንም አልዋሸም። ሽያጭ ክፍል «ተሸጠ» የሚለው ደንበኛው ፕሮፎርማውን አይቶ እሺ ሲል ነው። ሂሳብ ክፍል «ተሸጠ» የሚለው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነው። መጋዘን «ተሸጠ» የሚለው ብረቱ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከበር ሲወጣ ነው። እንግዲህ ሰኔ 28 የተስማማ ደንበኛ ሐምሌ 2 ከፍሎ ሐምሌ 6 ዕቃውን ቢጭን ሽያጩ የየትኛው ወር ነው? በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የየትኛው ዓመትስ ነው?

ይህን ሶፍትዌር አይፈታውም። ሦስቱን ክፍሎች በምርጥ ገመድ ብታገናኟቸው ሦስቱ ቁጥሮች ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ይጋጫሉ እንጂ አይታረቁም። የሚፈታው ስብሰባ ነው። ሦስቱ ኃላፊዎች ተቀምጠው «ተሸጠ ማለት ምን ማለት ነው» ብለው ተከራክረው፣ ተፈራርመው መውጣት አለባቸው። ይህ ስብሰባ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀንና አንድ ጀበና ቡና ነው የሚጠይቀው። እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ግን አንድም ቀን አልተካሄደም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ሽያጩ የየትኛው ወር እንደሆነ መወሰን ማለት ቦነሱ የማን እንደሆነ መወሰን ነው።

ስም ደግሞ አለላችሁ። ውጭ የተሠራ ሶፍትዌር «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። እኛ አባትና አያት እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ክፍል የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ውስጥ አባትን ይከታል፣ ሌላው አያትን። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ጸሐይ የምትባል ደንበኛ አንዱ ጋ በ«ቲ» ትጀምራለች፣ ሌላው ጋ በ«ኤስ»። በአማርኛ ይጻፍ ብንልም ሰላም አናገኝም፤ ጸሐይ አለች፣ ፀሐይ አለች፣ ፀሃይ አለች። ኃይለ ማርያም፣ ኃይለማርያም፣ ኃ/ማርያም፣ ሀ/ማሪያም... ለእኛ አንድ ሰውዬ ናቸው፤ ሱቅ ሲገቡ «ጋሼ እንዴት ዋሉ» የምንላቸው። ለኮምፒውተሩ ግን አራት ደንበኞች ናቸው፣ አራት የዱቤ መዝገብ ያላቸው። አንደኛው ዱቤያቸውን ከፍለዋል፣ ሁለተኛው አልከፈሉም፣ ለሦስተኛው ደግሞ ሕግ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ እየጻፈላቸው ነው።

ቁጥር ቢኖር ይሻላል። ለነጋዴው 10 አሃዝ ያለው ቲን ቁጥር አለ። ለተራው ደንበኛ አሁን አሁን የፋይዳ 12 አሃዝ መጥቷል። ግን የድሮው መዝገብ ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥራቸው በራሱ አይሞላላቸውም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እየደወለ «ጋሼ፣ ቲን ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ማለት አለበት። ይህ ሥራ ወራት ይፈጃል። የሶፍትዌር ሻጮች ዋጋ ማቅረቢያ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «ዳታ ማስተላለፍ»። መስመሩ አጭር ስለሆነ ሥራውም አጭር ይመስላል።

ዘመን አቆጣጠሩንማ ተዉት። 05/06/2016 ተብሎ የተጻፈ የዋስትና ወረቀት ፋይል ውስጥ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? የካቲት 5 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጁን 5? በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው የሚቀሩት! ፈረንጆቹ 2016 ብለው ያለፉትን ዓመት እኛ ቆይተን 2016 ብለን ስለደገምነው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም አሜን ብሎ ይቀበላል። ጳጉሜን የሚያውቅ ሶፍትዌር ደግሞ ብርቅ ነው። የዘበኛው መዝገብ «ሌሊት 8 ሰዓት» ይላል፣ የአሻራ ማሽኑ 2 ሰዓት ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አለ? አለች። ፍላሽ ይዛ የምትሮጠው ልጅ። ኃ/ማርያምና ኃይለማርያም አንድ መሆናቸውን፣ የግዢ ክፍሉ ቀን በፈረንጅ፣ የመጋዘኑ በአበሻ መሆኑን፣ የሽያጩ ቁጥር ከሂሳቡ የሚበልጠው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የትም አልጻፈችውም። ጻፊው ያላት የለማ! በየቀኑ እየገለበጠች በጭንቅላቷ ነው የምታርመው። ስለዚህ ገመድ ብቻ አይደለችም፤ አስተርጓሚም ናት። ገመድ መግዛት ይቻላል፤ አስተርጓሚ ካልጠየቃችሁት ግን የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል።

የኛ ድርጅት ምን አደረገ? «ኢአርፒ» ሊያስገባ ወሰነ። (ኢአርፒ ማለት ሂሳቡን፣ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ደመወዙን በአንድ ጣራ ሥር የሚያደርግ ትልቅ ሶፍትዌር ነው፤ ወይም እንዲያደርግ ተስፋ የሚጣልበት።) ሻጮቹ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ዘርግተው ሰማያዊና አረንጓዴ ቻርት አሳዩን። ሥራ አስኪያጁ «ሽያጭዎን በሞባይልዎ በየደቂቃው ያያሉ» ሲባሉ ፊታቸው በራ። ቀኑ እዚያው ተቆረጠ። የድርጅቱ የምሥረታ በዓል ዕለት ይመረቃል ተባለ። ሪባን፣ ኬክ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ። (መግለጫውን የምጽፈው እኔ ነኝ።) ሥራው ስንት ወር እንደሚፈጅ ግን ገና ማንም አልቆጠረም ነበር።

ይህ የአበሻ አመል ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑ። እንግሊዝ ውስጥ ቲኤስቢ የሚባል ባንክ አለ። (ከዚህ በታች የቲኤስቢ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው፤ አሁን በዚህ ላይ እንዳንጣላ።) በ2013 ከሎይድስ ባንክ ተለይቶ ለብቻው ቆመ፤ ኮምፒውተሩን ግን ከሎይድስ በክፍያ ነበር የሚጠቀመው። ቤት ቀይሮ የድሮውን ቤት ቆጣሪ እንደሚጠቀም ሰው ማለት ነው። በ2015 ሳባዴል የተባለ የስፔን ባንክ ገዛው፤ ደንበኞቹንም ሁሉ ወደራሱ ሲስተም ሊያዛውር አቀደ። ቀኑ ኖቬምበር 2017 ነው ተባለ። አልደረሰም፣ ተገፋ። በመጨረሻ በኤፕሪል 2018 በአንድ ቅዳሜና እሁድ የ5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ሂሳብ ተጓጓዘ።

የሚገርመው ዳታው በሰላም ደርሷል። የወደቀው ዳታውን የተቀበለው ቤት ነው። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሂሳባቸውን መክፈት አልቻሉም፤ አንዳንዱ ሲከፍት የሌላ ሰው ሂሳብ መጣለት። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የሱቅ ክፍያ ሁሉ ተመሰቃቀለ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተረጋጋው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሴፕቴምበር ለቀቁ። በ2022 ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት፤ በ2023 ደግሞ የአይቲ ኃላፊው ከግል ኪሳቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጡ።

ባንኩ ራሱ ያስጠናው ሪፖርት በ2019 ታትሟል፤ አንድ የሕግ ድርጅት ነው ያጠናው። ካገኛቸው ነገሮች ሁለቱ ከአእምሮዬ አልወጡም። አንደኛው፣ እቅዱ የተሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ መጀመሪያ የመጨረሻው ቀን ተጻፈ፣ ከዚያ ሥራው በሚቀረው ጊዜ ውስጥ እንዲገባ ተጨመቀ። ሁለተኛው፣ አዲሱ ሲስተም የሚሠራው በሁለት የዳታ ማዕከል ነበር፤ ከመጀመሩ በፊት ዋናው ፍተሻ የተደረገው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ሱቅ ገብቶ የቀኝ እግር ጫማ ብቻ ለክቶ የሠርግ ዕለት የግራውን እንደሚያገኝ ሙሽራ። ያውም ገንዘብ አጥተው አይደለም፣ ሰው አጥተውም አይደለም!

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኸርሺ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ አለ፤ በ1999 ሦስት ትልልቅ ሶፍትዌሮችን በአንድ ጊዜ አገናኝቶ ሲያበራ የ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትእዛዝ ማድረስ አቃተው። ቸኮሌቱ ሞልቶ! ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኞቹ በገበያ ወቅት ትርፉን ዕቃ ለጊዜው የሚያስቀምጡባቸው ቦታዎች ሲስተሙ ላይ በመጋዘንነት አለመመዝገባቸው ነው። ሲስተሙ የማያውቀው ቦታ ያለ ዕቃ፣ የሌለ ዕቃ ነው።

ይህን ሳነብ ቃሊቲ ትዝ አለኝ። የኛ መጋዘን ጓሮ አንድ ኮንቴይነር ነበረ። ዕቃ ሲበዛ እዚያ ይገባል፣ መርካቶ ሲጎድል ከዚያ ይወጣል፣ በአንዲት የ«አደራ» ወረቀት። ሶፍትዌር ሊተክሉ የመጡት ባለሙያዎች ቃሊቲ አልሄዱም፤ ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የመጋዘኑን ዝርዝር በኢሜይል ነው የተቀበሉት። ዝርዝሩ ላይ ኮንቴይነር የለም። ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ልጅቷ ቃሊቲ ደርሳ «ጋሼ፣ ይሄ ኮንቴይነር እኮ ሲስተሙ ላይ የለም» አለቻቸው ሽማግሌውን የመጋዘን ኃላፊ። «ልጄ፣ ሲስተሙ ባያውቀውም ዕቃው እዚህ ነው» አሏት።

ከሪባኑ ማግሥት መርካቶ ደንበኛ ገንዘቡን ይዞ ቆሞ ሲስተሙ «ቆርቆሮ፦ 0» ይል ነበር። ዜሮ የሆነ ዕቃ ላይ ደረሰኝ አይቆረጥም። ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ገዛ። ሁለት ቀን ታገሱ፤ በሦስተኛው ቀን ፒችትሪው ተከፈተ፣ ኤክሴሎቹ ተመለሱ፣ ፍላሹም ከመሳቢያ ወጣ። ኢአርፒው ግን ተከፍሎበታልና አልተዘጋም፤ «ለጊዜው ሁለቱም ይሞላ» ተባለ። አምስቱን አንድ ሊያደርግ የመጣው ስድስተኛ ሆኖ ቀረ። ሻጮቹ ባቀረቡት ማብራሪያ ላይ ችግሩ «የዳታ ጥራት» ነው ተባለ። ዳታውን ያስገባችው ማናት? ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የደረሳት እሷ ናት።

በ2016 መጋቢት 6 አርብ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሰው ሂሳቡ ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ መንስኤው የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ እንደሆነ ገለጸ። የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ቅርንጫፎች ላይ ተለጠፈ። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን አስተውሉልኝ፦ ሲስተም ሲበላሽ ፊቱ የሚታወቀው ሰው ሁልጊዜ ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ነው። ለውጡን ማን ፈተነው፣ ማን ይለፍ ብሎ ፈረመበት የሚለው እንደ እንግሊዞቹ በሪፖርት ታትሞ ሕዝብ ቢያነበው፣ አገሪቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የአይቲ ክፍል በነፃ ይማርበት ነበር።

መልካም ነገርም አለን እኮ። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት የአንዱ ባንክ ካርድ የሌላው ባንክ ኤቲኤም ላይ አይሠራም ነበር፤ አንዱ ሕንፃ ሥር ሦስት የተለያየ ባንክ ማሽን ተደርድሮ የራሳችንን ፍለጋ ሁለት ፌርማታ እንሄድ ነበር። መጀመሪያ አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንኮች ተጣምረው ፕሪሚየር ስዊች የሚባል የጋራ ማዕከል አቋቋሙ። ከዚያ ባንኮቹ ሁሉ የሚጋሩት ኢትስዊች መጣና በ2008 አገር አቀፉን ግንኙነት ጀመረ። ማንም ባንክ የራሱን ሲስተም አውጥቶ አልጣለም። 18 ባንኮች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋር ገመድ ቢዘረጉ 153 ገመድ ያስፈልጋል፤ መሃል ላይ አንድ የጋራ ማዕከል ቢኖር 18 ይበቃል። ከባዱ ሥራ ገመዱ አልነበረም። የማን ካርድ የማን ማሽን ላይ ሲሠራ ማን ለማን ስንት ይከፍላል፣ ማሽኑ ገንዘቡን ሳይሰጥ ሂሳብ ላይ ቢቀንስ ኃላፊው ማን ነው የሚለውን መስማማት ነው። የኛ ድርጅት ሦስት ኃላፊዎች ግማሽ ቀን ያጡለትን ነገር፣ በገበያ የሚሻሙ ባንኮች ተቀምጠው ጨረሱት!

እና የአንድ ድርጅት ባለቤት ቢጠይቀኝ (አይጠይቀኝም) የምለው ይህን ነው። ሁሉን በአንድ ቀን አታናብቡ። በጣም የሚያማችሁን ሁለቱን ያዙ፤ ብዙ ቦታ ሱቅና መጋዘን ናቸው። እነሱን አገናኙና አንድ ሙሉ ወር፣ ከወር መዝጊያው ጋር፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሂዱ። ወር መዝጊያ ያላየ ሲስተም አልተፈተነም። ቁጥራቸው እኩል ካልመጣ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ሦስተኛው አትሂዱ። ነገሩ ቢበላሽ እንዴት ወደኋላ እንደሚመለስ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጻፍ፤ «ኢንሻ አላህ» እና «እግዚአብሔር ያውቃል» የመመለሻ እቅድ አይደሉም። የምሥረታ በዓሉን ደግሞ በኬክ ብቻ አክብሩት።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አንቺ ሒሳብ አታውቂም» አለኝ። እውነት አለው፣ ጋዜጠኛ ነኝ። የሱ ስሌት ይህ ነው፦ የሶፍትዌር ፈቃድ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 መጨረሻ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የልጅቷ ደመወዝ ግን በብር ነው፤ ያውም ትንሽ ብር። ታዲያ ባለቤቱ ለምን ገመድ ይገዛል? ሰው ይቀጥራል፤ ሰው ርካሽ ነው።

ከሰማሁት ክርክር ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፣ አስቀያሚውም ይህ ነው። በደመወዝ ብቻ ካየነው ልክ ነው። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ግን አለ፦ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሂሳብ፣ ዜሮ ተብሎ ያልተሸጠ ቆርቆሮ፣ ስለ ተሳሳተ ቀን የተከፈለ የግብር ቅጣት፣ ልጅቷ ታማ የቀረች ሳምንት። በተለይ የመጨረሻው። አንድ ድርጅት አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ጉንፋን ስለያዛት ሂሳቡን መዝጋት ካቃተው ሰው ርካሽ ሆኖለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በስልጠናው ቀን አሠልጣኙ «ከእንግዲህ በእጅ መገልበጥ ቀረ!» ሲል ልጅቷ እጇን አወጣች። «ከዚያ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ሳቀ። መልስ የሰጣት የለም።

እቅዱ የሞተው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሪባኑ ማግሥት አይደለም። የምታውቀውን ሁሉ ስትናገር ከሥራ የምትወጣ መስሎ ከታያት ለምን ትናገራለች? ስለ ኮንቴይነሩ ለመጋዘን ኃላፊው ነገረቻቸው፤ ለባለሙያዎቹ ግን አልነገረችም፤ አልጠየቋትምም። ስለዚህ ስትራቴጂ በሚሉት ባለ ብዙ ገጽ ሰነድ ላይ፣ ከበጀቱና ከጊዜ ሰሌዳው በፊት፣ ስሟ ከነአዲሱ የሥራ መደቧ መጻፍ ነበረበት። ከገመድነት ወጥታ የደንበኛ መዝገብ ኃላፊ ትሁን፤ ጸሐይና ፀሐይ አንድ መሆናቸውን የምትወስነው እሷ ትሁን፤ ደመወዟም ይህን ይምሰል። ከሻጩ ጋር ከሚፈረመው ውል በፊት ከእሷ ጋር ይፈረም።

ማስጠንቀቂያው በደረሳት በሁለተኛው ወር ለቀቀች። አሁን ሌላ ድርጅት ውስጥ ናት። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፣ ለምሽት ሥራ ትራንስፖርት ይሰጣሉ። እዚያ ያሉት ሲስተሞች ሰባት ናቸው።